መኪናው ጭቃ ውስጥ እንቢ ሲል፦ ለአዳማ ባለ ፎር ዊሎች የክረምት መላ

በሐምሌና በነሐሴ ከክለብ ጓደኞቹ ጋር ከአዳማ ወጣ የሚል ሰው ሁለት ዓይነት መሬት ይገጥመዋል። በወለንጪቲ በኩል ወደ ቦሰት ተራራ ከሄደ መሬቱ አሸዋማ ነው፣ የእሳተ ገሞራ አመድም አለበት። ውሃ ቶሎ ይመጥጣል። እዚያ የሚያሰጋው ደራሽ ጎርፍ ነው። በሞጆ አድርጎ ወደ ኤጀሬ ካቀና ደግሞ ጥቁሩ ዋልካ ይጠብቀዋል። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ አይለቅም።

የትኛውም ቦታ ላይ ብትያዙ መጀመሪያ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ። ባዶውን የሚሽከረከር ጎማ ጉድጓድ ነው የሚቆፍረው። ውረዱና የቱ ጎማ እንደሚዞር፣ የቱ እንደቆመ እዩ። መንስኤው ያለው እዚያ ነው።

ፎር ዊል ገብቷል፤ የሚዞረው ግን የኋላ ጎማ ብቻ ነው

በድሮ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ላይ የፊት ጎማው መሃል ያለችውን ክብ መዝጊያ ተመልከቱ። «ፍሪ» ላይ ከሆነች ማርሹ ቢገባም ኃይሉ ጎማው ጋ አይደርስም። ሁለቱንም ወደ «ሎክ» አዙሩ። ይህን ጭቃው ሳይጀምር ብታደርጉት ይሻላል። ጭቃ ከሞላባት በጣት አትዞርም።

አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ ይዞራል፤ መኪናው ግን አይሄድም

ፎር ዊል ሲባል አራቱም ጎማ እኩል ይጎትታል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል) መቆለፊያ ከሌለው ግን ኃይሉ ወደሚያዳልጠው ጎማ ያመልጣል። በዚያ ላይ የጎማው ጥርስ በዋልካ ሲሞላ ጎማው ልሙጥ ይሆናል።

መቆለፊያ ካለ ጎማው ቆሞ እያለ አስገቡት። ከሌለ ንፋስ ቀንሱ። 35 ፒኤስአይ አካባቢ የነበረውን ወደ 20 አውርዱት፤ ጎማው ሰፋ ብሎ ይረግጣል። ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ጥረጉ፣ መሪውን ቀጥ አድርጉ፣ ሎው (የፎር ዊሉን ቀርፋፋና ኃይለኛ ማርሽ) አስገብታችሁ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ውጡ። አንደኛ ማርሽ ኃይሉ ስለሚበዛ ቶሎ ያዳልጣል። ወደ ፊት ካልሆነ በመጣችሁበት ዱካ ወደ ኋላ ተመለሱ።

የንፋስ መሙያ ሳትይዙ ግን ንፋስ አትቀንሱ። በ20 ፒኤስአይ የፍጥነት መንገዱ ላይ መውጣት ጎማ ለማፈንዳት ነው።

ጭቃውን ሸሽቶ ወደ ማሳ መግባትም መፍትሄ አይደለም። በዚህ ወቅት ጤፉ ገና መብቀሉ ነው። አንዱ መኪና ከገባ ሌላው ይከተላል፣ የገበሬው ልፋት ከንቱ ይቀራል። ማለፍ ካልቻላችሁ ተመለሱ።

በካቦ ቢጎተትም ንቅንቅ አይልም

ሆዱ መሬት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። የትራክተርና የአይሱዙ ዱካ ጥልቅ ስለሆነ ዲፈረንሻሉ መሃል ላይ ያለው ጉብታ ላይ ያርፋል። ጎንበስ ብላችሁ እዩ፣ ጉብታውን ቆፍሩ። ክሪኩን ሰፊ ጣውላ ላይ አቁሙት፤ አለዚያ መኪናው ሳይነሳ ክሪኩ ይሰምጣል። ጎማው ሲነሳ ስሩ ድንጋይ ጠቅጥቁ። ከመኪናው ስር ማንም አይግባ።

ስትጎትቱ ካቦውን ሻንሲው ላይ በደንብ የታሰረ መንጠቆ ላይ እሰሩ። ተጎታች የሚንጠለጠልበት የብረት ኳስ ላይ በጭራሽ እንዳታስሩ። ኳሱ ተሰብሮ ከተወረወረ ሰው ይገድላል፤ የተበጠሰ ካቦም እንዲሁ። መሃሉ ላይ ወፍራም ጃኬት ወይም እርጥብ ጆንያ ጣሉበት። ሊያግዙ የሚመጡት የመንደር ልጆች ቅን ናቸው፣ ደግሞ መጠጋት ይወዳሉ። ቢያንስ የገመዱን ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ሳይርቁ መጎተት አትጀምሩ። አንድ ሰው ይህን ብቻ ይዞ ቢቆም አይበዛበትም።

ውሃ መሃል ሞተሩ ጠፋ

እንዳታስነሱት! ውሃ በአየር ማጣሪያው በኩል ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ውሃ ስለማይታመቅ ሞተሩ ሲዞር ቢየላ (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ይጣመማል። ጎትታችሁ አውጡና ማጣሪያውን ፍቱ። እርጥብ ከሆነ መካኒክ ሳያየው ቁልፍ አትንኩ።

በማግስቱ የዲፈረንሻሉን ዘይት አስፈትሹ። የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ሲቀዘቅዝ ውሃ ይስባል። ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ከሆነ ይቀየር።

ቦሰት ስር ስትሆኑ እናንተ ጋ ፀሐይ ቢሆንም ተራራው ላይ ደመና ካለ ጎርፉ ሊመጣ ይችላል። ከመጣ ዳር ቆማችሁ ጠብቁ። ቶሎ ይጎድላል።

የሙቀት ጌጁ ይወጣል

ራዲያተሩ በጭቃና በሣር ተደፍኗል። ቁሙ፣ ክዳኑን በሙቀቱ አትክፈቱ። ሲበርድ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በቀስታ እጠቡት።

አስፋልት ላይ ሲታጠፍ ይገታል

ፎር ዊሉ አልወጣም። መታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ የሚሄዱት ርቀት ስለማይገጥም ማርሹ ይወጠራል። አልወጣ ካለ ቀጥ ብላችሁ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱና አውጡት።

ወደ ቤት ስትመለሱ መሪው ይንቀጠቀጣል

ፍጥነት ስትጨምሩ የሚብስ ከሆነ ጎማው አልተበላሸም ይሆናል። ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ዋልካ ሚዛኑን አዛብቶት ነው። ላቫጆ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታጠበው የውጭው ፊት ብቻ ነው። ልጁ እጁን አስገብቶ የውስጠኛውን ጠርዝ እንዲፍቅ ንገሩት። ከዚያም ከተንቀጠቀጠ ወደ ጎሚስታ ውሰዱት፤ ባላንስ ይሠራላችሁ።