ኖኖግራም ሲጫወቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኖኖግራም በቁጥር እየተመሩ ሳጥኖችን በማጥቆር የተደበቀ ሥዕል የሚያወጡበት ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ጃፓናውያኑ ኖን ኢሺዳ እና ቴትሱያ ኒሺዮ በየፊናቸው ፈለሰፉት፤ በ1995 የጃፓኑ ጌም አምራች ኒንቴንዶ በማሪዮ ስም በእጅ ወደሚያዘው መጫወቻው ጌም ቦይ አስገባው፤ ዛሬ ደግሞ በነፃ የሚጫን የስልክ ጌም ሆኗል። ከረድፉ አጠገብ «4 3» ከተጻፈ፣ አራት ተከታታይ ጥቁር ሳጥኖች፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ባዶ፣ ከዚያ ሦስት ጥቁር አሉ ማለት ነው። ዓምዶቹም በዚሁ ሕግ ይሄዳሉ። ጨዋታው የሚያረጋጋው እያንዳንዱ ሳጥን የሚጠቁርበት ምክንያት ስላለው ነው። ሰላሙን የሚያደፈርሱትም ያንን ምክንያት የሚያስረሱን ልማዶች ናቸው።

መገመት

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ብዙ አፖች ሦስት ልብ ይሰጣሉ፤ ሲሳሳቱ አንዱ ይቀነስና አፑ ራሱ ሳጥኑን ያርመዋል። ስለዚህ የገመተ ሰው ልብ ከፍሎ መልስ ገዛ እንጂ አልፈታም። ሦስቱም ሲያልቁ ማስታወቂያ ካላዩ አይቀጥሉም። በሴቲንግ ውስጥ ስህተት ማሳያውን ማጥፋት ከተቻለ ያጥፉት። ያኔ አንድ የተሳሳተ ግምት ብዙ ሳጥን ካጠቆሩ በኋላ ነው የሚጋለጠው፤ እጅም ሳያረጋግጥ አለመንካትን ይለምዳል።

ትርፉን ሳያሰሉ መጀመር

ጀማሪ ትልቅ ቁጥር ፈልጎ ከዚያ ይነሳል። ይሁንና ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ትርፉ ነው። በ10 ሳጥን ረድፍ ላይ «4 3»ን እንውሰድ። ቁጥሮቹን ይደምሩ፦ 7። በመካከላቸው ላለው ክፍተት 1 ይጨምሩ፦ 8። ከ10 ላይ ሲቀነስ ትርፉ 2 ነው። አሁን ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ትርፉን ይቀንሱ፤ የሚቀረው በእርግጠኝነት የሚጠቁሩት ሳጥኖች ብዛት ነው። ከ4ቱ ሁለት፣ ከ3ቱ አንድ።

የትኞቹ እንደሆኑ ለማወቅ ሁሉንም ወደ ግራ ጥግ ያስጠጉ፦ አራቱ ከ1 እስከ 4፣ ሦስቱ ከ6 እስከ 8 ይቀመጣሉ። ወደ ቀኝ ጥግ ሲያስጠጓቸው ደግሞ ከ3 እስከ 6 እና ከ8 እስከ 10። በሁለቱም አቀማመጥ በአንድ ቁጥር ሥር የሚውሉት 3፣ 4 እና 8 ናቸው፤ እነሱን ያለ ሥጋት ያጥቁሩ። ትርፉ ከቁጥሩ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ግን ለጊዜው ይለፉት። ለዚህ ነው በ10 ረድፍ ላይ ብቻውን የቆመ 5 ምንም የማይሰጠው፤ «3 2 3» ግን ትንንሽ ቁጥሮች ይዞ ትርፉ ዜሮ ስለሆነ ረድፉን በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል።

ኤክስ አለማድረግ

ባዶ መሆኑ የተረጋገጠ ሳጥን ኤክስ ይደረግበት። ዓምዱ «3» ብቻ ኖሮት 5ኛው ሳጥን ከጠቆረ፣ ሦስቱ ከ3ኛው በላይ ወይም ከ7ኛው በታች አይሄዱም። ስለዚህ 1፣ 2፣ 8፣ 9 እና 10 ኤክስ ናቸው። አንድ ጥቁር ሳጥን አምስት ኤክስ አስገኘ፤ አምስቱም የየራሳቸውን ረድፍ ትርፍ ያጠባሉ። ቀጥሎ ከረድፉ በኩል 4ኛውም ኤክስ መሆኑ ቢታወቅ፣ ሦስቱ ከ5 እስከ 7 መሆናቸው አለቀለት። «ተቸግሬ ቆምኩ» የሚል ሰው ሰሌዳ ሲታይ በአብዛኛው የጎደለው ይኼ ምልክት ነው።

የደበዘዘ ቁጥርን ማመን

ስህተት የማይነግሩ አፖች ላይ ለምሳሌ «3» የሚደበዝዘው ሦስት ተከታታይ ሳጥን ሲሞላ ነው፤ ትክክለኛ ቦታው ላይ ሆነም አልሆነም። ቦታውን የሚያረጋግጡት ዓምዶቹ ናቸው። «2 2» ባለበት ረድፍ ደግሞ መሃል ላይ ያገኟቸው ሁለት ሳጥኖች የፊተኛው 2 ይሁኑ የኋለኛው ሳይለዩ ጎናቸውን አልፈው ኤክስ አይደርድሩ።

ሥዕሉን ቀድሞ ማየት

ድመት የመሰለ ነገር ሲታይ ሁለተኛውን ጆሮ በልምድ መሙላት ያምራል። ግን ሥዕሉ ጎኑን አዙሮ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን ይከተሉ።

በጠባብ ስክሪን ትልቅ ሰሌዳ መክፈት

የስልክ ስክሪን ስፋት ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ነው። ባለ 20 ዓምድ ሰሌዳ ከቁጥሮቹ ጋር ሲቀመጥበት ለአንድ ሳጥን 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይደርስም፤ ጣት ጎረቤቱን ቢነካ አይገርምም። በስልክ 10 በ10 እና 15 በ15 ይበቃሉ። ከዚያ በላይ ከሄዱ ዙም የሚያደርግ ወይም በቀስት የሚንቀሳቀስ ጠቋሚ ያለው አፕ ይምረጡ።

ባለ ቀለም ሰሌዳ ላይ የጥቁሩን ሕግ መጠቀም

ቀለማቸው የተለያየ ሁለት ቁጥሮች ያለ ክፍተት ሊገናኙ ይችላሉ። ትርፍ ሲያሰሉ 1 የሚጨምሩት አንድ ዓይነት ቀለም ተከታትሎ ሲመጣ ብቻ ነው።

ጉድለቱ ሁሉ የራስ እንደሆነ ማሰብ

አንዳንድ አፖች ሰሌዳዎችን ያለ ማጣራት በብዛት ያመርታሉ። ጥግ ላይ ሁለት በሁለት የሆኑ አራት ሳጥኖች ብቻ ቀርተው እያንዳንዱ ረድፍና ዓምድ አንድ አንድ ጥቁር ቢፈልግ፣ መልሱ በሁለቱም ሰያፍ ይሠራል፤ በሎጂክ የሚለይበት መንገድ የለም። እዚህ ላይ ብቻ መገመት ይፈቀዳል። ደጋግሞ ከገጠመዎት አፑን ይቀይሩ።

ክፍያውን ሳያነቡ መስማማት

ነፃ አፖች ከየሰሌዳው በኋላ የሚያሳዩት ቪዲዮ ዳታ ይበላል። ሰሌዳዎቹ ስልኩ ላይ ከተጫኑ ዳታ አጥፍቶ መጫወት ይቻላል። ማስታወቂያ ለማጥፋት ሲከፍሉ አንዴ የሚከፈል ነው ወይስ በየሳምንቱ የሚቆረጥ የሚለውን አጣርተው ይጫኑ። በየሳምንቱ ከሆነና መተው ከፈለጉ፣ አፑን ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም፤ ፕሌይ ስቶር ወይም አፕ ስቶር ገብተው የደንበኝነት ምዝገባዎች ከሚለው ዝርዝር ውስጥ መሰረዝ አለብዎት።