ላይኩ ሞልቶ አዳራሹ ባዶ ሲሆን፦ የቴአትር ፔጅ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቴአትር የሚሠሩ ልጆች ስለ ማህበራዊ ሚዲያ ሲያወሩ ቶሎ የሚመጣው ቅሬታ አንድ ነው። «ፖስት አደረግን፣ ሰው ግን አልመጣም።» ቀጥሎ የሚመጣው ፍርድም ያው ነው። «የእኛ አገር ሰው ቴአትር አይወድም።» ይሄ ፍርድ ይቸኩላል ባይ ነኝ። ተመልካቹ ማስታወቂያውን ጭራሽ ሳያየው ቀርቶ ይሆናል። አይቶት አልሳበው ይሆናል። ስቦት ሰዓቱ አልገባው ይሆናል። ሁሉም ገብቶት «ማታ በምን እመለሳለሁ?» ብሎ ቤቱ ቀርቶም ይሆናል። የት ላይ እንደጠፋ ሳያውቁ ፖስት ማብዛት ትርፉ ድካም ነው።

ላይክ አለ፣ ሰው የለም

መጀመሪያ ላይክ ያደረገው ማን እንደሆነ እዩ። የፌስቡክ ፔጅ ተከታዮቻችሁ በየትኛው ከተማ እንዳሉ ያሳያል። ደብረ ብርሃን ላለ ቡድን አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ የአካባቢው ተወላጆች ዝርዝሩን ሞልተውት ቢገኙ አይግረማችሁ። እነሱ አገራቸው ናፍቋቸው ላይክ ያደርጋሉ። ለእሁድ ቴአትር ግን ከአዲስ አበባ እንኳ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው አይመጡም።

ይህን ሰው አትናቁት። የሚጠየቀው ነገር ግን ሌላ ነው። «ደብረ ብርሃን ላሉት እናትህና እህትህ ትኬት ቁረጥላቸው» በሉት። በቴሌብር ይከፍላል፣ የእናቱ ስም በር ላይ ባለው ዝርዝር ይጻፋል፣ አለቀ። ላይክን ወደ ወንበር ለመቀየር ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም።

ከተማው ውስጥ ያለውን ሰው ደግሞ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ፈልጉት። ተማሪው፣ መምህሩና የፋብሪካ ሠራተኛው የየራሱ የቴሌግራም ግሩፕ አለው። በራሳችሁ ቻናል ብቻ ከመጮህ የእነዚህን ግሩፖች አድሚኖች አናግሩ። ገንዘብ ከሌላችሁ ሁለት ነጻ መግቢያ ስጧቸውና መልእክቱን ይለጥፉላችሁ። መልእክቱም አንድ ዓይነት አይሁን። በፈረቃ ለሚሠራው የትኛው ቀን እንደሚመቸው ለይታችሁ ንገሩት።

ሰው በተሳሳተ ሰዓት መጣ፣ ወይም ጭራሽ ቀረ

ይሄኛው ችግር የእኛው ነው፤ ከውጭ የመጣ የማርኬቲንግ ምክር ውስጥ አታገኙትም። ቴአትሩ እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው እንበል። ፌስቡክ ላይ ዝግጅት የከፈተው ልጅ 8:00 ብሎ ያስገባል። ፌስቡክ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ስለዚህ ለተመልካቹ የሚደርሰው ማስታወሻ ወይ ጠዋት 2 ሰዓት ወይ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይሆናል። መሞላት የነበረበት ከሰዓት በኋላ 2:00 ነው። ፖስተሩ ላይ ደግሞ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብላችሁ በሙሉ ጻፉ። ባዶ «8:00» ብቻ መጻፍ ጠብ መግዛት ነው።

ቀኑም እንዲሁ ያምታታል። «በ12» ተብሎ ሲጻፍ አንዱ በእኛ፣ ሌላው ስልኩ ላይ ባለው አቆጣጠር ይረዳዋል። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነትም ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ማግስት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ቀን ይገፋል። መፍትሄው ቀላል ነው። የዕለቱን ስም አትርሱ። እሁድ በሁለቱም አቆጣጠር እሁድ ነው።

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው መንገዱ ነው። «በከተማው አዳራሽ» የሚለው ለተወላጁ ይበቃል። ከሌላ ቦታ ለመጣ ተማሪ ግን አይበቃም። የካርታ ሊንክ ጨምሩ፤ ለባጃጅ ሹፌር ምን ብሎ እንደሚነግረውም ጻፉለት። ከሁሉ የሚረሳው ግን ቴአትሩ የሚያልቅበት ሰዓት ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር የሚኖር ሰው መግቢያውን ሳይሆን መመለሻውን ነው የሚያሰላው። «11 ሰዓት ላይ ያልቃል» የምትል አጭር መስመር ከሚያምር ፖስተር የበለጠ ትሠራለች። ከተማዋ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ማንም ሰው የማታ ቴአትር ከጋቢው ጋር አወዳድሮ ነው የሚወስነው። እውነቱን ለመናገር ጋቢው ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። በእነዚህ ወራት ወደ ቀን አምጡት።

«ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ኮሜንት በዛ

ዋጋው አልተጻፈም ማለት ነው። ጻፉት። «በኢንቦክስ» ብሎ መመለስ ልብስ ሻጮችም ላይ ያስጠላል፣ ቴአትር ላይ ይብሳል።

ቪዲዮ ለቀቅን፣ ማንም አላየውም

አብዛኛው የቴአትር ቪዲዮ ከአዳራሹ መጨረሻ የተቀረጸ ነው። ተዋናዩ ጣት አክሎ ይታያል፣ ድምፁ ከጓዳ የሚመጣ ይመስላል፣ ከፊት የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ግማሹን መድረክ ይሸፍናል። እንዲህ ያለ ቪዲዮ «አትምጡ» የሚል ማስታወቂያ ነው።

በዝግጅቱ ዕለት ሳይሆን አልባሳት ተለብሶ በሚደረገው የመጨረሻ ልምምድ ቅረጹ። ያኔ ቀራጩ መድረኩ ላይ ወጥቶ ተዋናዩ አጠገብ ሊቆም ይችላል። ስልኩን አቁማችሁ ያዙት፣ ለቲክቶክም ለፌስቡክ ሪልስም እንዲሆን። ሌላ ስልክ ደግሞ ድምፅ ብቻ እየቀዳ ከተዋናዩ አጠገብ፣ ከዕቃ ጀርባ ይቀመጥ። በኋላ ሁለቱን ማገጣጠም ይቻላል።

የሚቆረጠው ቦታ ዋናው ነው። ሰላሳ፣ አርባ ሰከንድ ይበቃል። ጥያቄ የሚነሳበትን ንግግር ምረጡና መልሱ ከመምጣቱ በፊት ቁረጡ። ባል በሩን ከፍቶ «ይሄ ጫማ የማን ነው?» ካለ እዚያው ይለቅ። ሚስቲቱ የምትመልሰው አዳራሽ ውስጥ ነው። ንግግሩን በጽሑፍም አሳዩ፤ ታክሲ ውስጥ ድምፅ አጥፍቶ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። የታወቀ ዘፈን ከሥር አታስገቡ። ባለመብቱ ካልፈቀደ ፌስቡክ ድምፁን ሊያጠፋው፣ ዩቲዩብም ቪዲዮውን ሊያግደው ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ተዋናዩ የመንዝን ወይም የመርሐቤቴን ለዛ አሳምሮ የሚናገር ከሆነ ያንን ቦታ አትዝለሉት። ሰው የገዛ አነጋገሩን ሲሰማ ለዘመዱ ይልካል። ለመሳለቂያ የተሠራ ከሆነ ግን ሼሩ ይበዛል፣ የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ስትሄዱ ደግሞ ሒሳቡን ታወራርዳላችሁ።

ሙሉ ቴአትሩ ዩቲዩብ ላይ ወጣ

ተመልካቹ ቀርጾት ነው። መከልከል ብቻውን አይሠራም። ከመጀመሩ በፊት «በመጨረሻው ሰላምታ ላይ እንደፈለጋችሁ ቅረጹ፣ እኛንም ታግ አድርጉን፤ እስከዚያ ስልክ ኪስ ውስጥ» ብላችሁ ንገሩ። ጊዜ የተሰጠው ሰው ይታገሣል። ከወጣ በኋላ ግን ሳትጨቃጨቁ በዩቲዩብ የቅጂ መብት አቤቱታ ቅጽ አመልክቱ።

ፔጁን የከፈተው ልጅ ሄደ፣ ፓስወርዱም አብሮት ሄደ

ሙሉ ሥልጣን ያላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይኑሩ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬውኑ አብሩ። የቴሌግራም ቻናል ባለቤትነትን ለሌላ ለማስተላለፍም እሱ መብራት አለበት። ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ በዶላር ካርድ ስለሚከፈል ቡስት የሚያደርግ፣ ማለትም ፖስታችሁን በክፍያ ለብዙ ሰው የሚያዳርስ ደላላ መፈለጋችሁ አይቀርም። ለእሱ ፓስወርድ አይሰጥም። ማስታወቂያ የመሥራት ፈቃድ ብቻ ስጡት፤ ሲጨርስ አንሱት።

ፔጁ ከአንድ ቴአትር እስከ ሌላው ይሞታል

«የሚለጠፍ የለንም» የሚባለው እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተወለዱት ሰያደብር፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ነው። ይህን ከፔጃችሁ ተከታይ ስንቱ ያውቃል? ልብስ ሰፊዋን አሳዩ። መብራት የሚይዘውን ልጅ አናግሩት። የአካባቢውን ሽማግሌዎች ድሮ ስለነበሩት የኪነት ቡድኖች ጠይቃችሁ ቅረጹ። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል፣ በየቀኑ መለጠፍ ሰውን ያሰለቻል።

ኔትወርክ ጠፋ

ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ተመልካቹን ፔጅ ላይ ብቻ ያስቀመጠ ቡድን እጁ ላይ ምንም አልቀረም። ስለዚህ ትኬት መሸጫው ላይ ደብተር ይኑር። ፈቃደኛ የሆነው ሰው ስልክ ቁጥሩን ይጻፍ፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይደርሰዋል። ካፌ በር ላይ የሚለጠፍ ፖስተርና ሞንታርቦ የጫነ መኪናም አልረጁም።

በዚያው ደብተር ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ «ከየት ሰሙ?» ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ፖስተር፣ ጓደኛ። ትኬት ቆራጩ በእያንዳንዱ ሰው አንድ ጭረት ያድርግ። ለቀጣዩ ቴአትር ገንዘቡንና ጉልበቱን የት እንደምታውሉት ስትከራከሩ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጉት።