በአይፒኤፍኤስ ፋይል ሲያስቀምጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው አይፒኤፍኤስ ፋይልን በአንድ ድርጅት ሰርቨር ከማኖር ይልቅ ተጠቃሚዎች ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እንዲቀባበሉት ያደርጋል። በ2017 የቱርክ መንግሥት ዊኪፔዲያን ሲዘጋ የቱርክኛው ቅጂ በዚህ መረብ ላይ እንዲቀመጥ የተመረጠው፣ አድራሻው የፋይሉን ይዘት እንጂ ያለበትን ቦታ ስለማያመለክት አንዱ ምንጭ ቢዘጋ ከሌላው ማውረድ ስለሚቻል ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ይህን ጥንካሬ ከመጠን በላይ ሲያምኑበት ነው።

ከሁሉም የከፋው «ፋይሉን ስላስገባሁት ተሰራጭቷል» ብሎ መተማመን ነው። ሶፍትዌሩ ፋይሉን ይቆራርጣል (ለዓመታት የተለመደው መጠን 256 ኪሎባይት ነበር)፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሀሽ (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ) ያሰላል፣ ሁሉንም ግን የሚያስቀምጠው በእርስዎ ዲስክ ላይ ነው። ወደ መረቡ የሚወጣው «ይህ ይዘት እኔ ዘንድ አለ» የሚል ማስታወቂያ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ሳያወርደው ላፕቶፕዎን ከዘጉ ፋይሉ አይገኝም። ያወረደው ሰውም ቢሆን ፒን ካላደረገው (ሶፍትዌሩ እንዳይሰርዘው ካላዘዘ)፣ የዲስክ ቦታ ለማስለቀቅ በሚደረግ ጽዳት ሊጠፋ ይችላል። አይፒኤፍኤስ ራሱ ፋይል ለሚያቆይ ሰው ምንም አይከፍልም፤ በ2020 ሥራ የጀመረው፣ ፋይል ለሚያቆዩ በዲጂታል ገንዘብ የሚከፍለው ፋይልኮይን የታሰበውም ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ስለዚህ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ባሉ ኮምፒዩተሮች ላይ ፒን ያድርጉት፤ መገኘቱንም ፋይሉ ከሌለው ኮምፒዩተር በማውረድ ይፈትኑ። ካስገቡበት ኮምፒዩተር መሞከር ዋጋ የለውም፣ ከራሱ ዲስክ አንብቦ «አለ» ይልዎታልና።

ሁለተኛው ረጅሙን አድራሻ እንደ ይለፍ ቃል መቁጠር ነው። አድራሻውን በግምት ማግኘት ባይቻልም፣ ማስታወቂያውን የሚቀበሉ ሌሎች ኮምፒዩተሮች ያዩታል፤ ይዘቱም በራሱ አልተመሰጠረም። የመታወቂያ ቅጂ ወይም የሕክምና ማስረጃ ከሆነ ከማስገባትዎ በፊት ያመስጥሩት፤ ሌላ ሰው አንዴ ካወረደው እርስዎ ከራስዎ ዲስክ መሰረዝዎ የእሱን ቅጂ አይነካም።

በየቀኑ የሚታረም ሰነድ ማስቀመጥም አይመከርም። አንዲት ፊደል ስትቀየር አድራሻው ይለወጣል፤ አይፒኤንኤስ የተባለው ቋሚ ስም ይህን ቢያቃልልም ፍለጋውን ብዙ ጊዜ ያዘገየዋል።

በመጨረሻም፣ ለአንባቢ የአንድ ጌትዌይ (የአይፒኤፍኤስ ፋይልን በተራ የድር ማሰሻ እንዲከፈት የሚያደርግ ሰርቨር) ሊንክ ብቻ መስጠት ሊሸሹት ወደነበረው ማዕከላዊ ሰርቨር ይመልሳል፤ ጌትዌዩ ሲቋረጥ ፋይሉ በመረቡ ላይ እያለ ሊንኩ አይሠራምና፣ የይዘቱን አድራሻ ለብቻው ጽፈው ያያይዙ።