ጥሩ ስፒከር ገዝተው መጥፎ ቅጂ አያሰሙ

ብዙ ገንዘብ የወጣበት ስፒከርና አምፕሊፋየር ቤት ገብቷል። ወዳጅ ዘመድ ሊሰማ ተጠርቷል። ታዲያ ምን ይከፈት?

ብዙዎቻችን በጣም የምንወደውን ዘፈን እንከፍታለን። የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው። እኔም ከካሴት የተገለበጠ፣ የልጅነት ትዝታዬ የሆነ ዘፈን ከፍቼ አውቃለሁ። በድሮው ቴፕ አንጀቴን ይበላው የነበረ ዘፈን፣ በአዲሱ ስፒከር ሽሽ የሚለው የክሩ ድምፅ ገኖ፣ ድምፃዊው ከመጋረጃ ጀርባ የቆመ መሰለ። እንግዳዬ ዝም አለ። ጥሩ ስፒከር የቀረጻውን ጉድለት አይሸፍንም። በዚያች ሰዓት መመረጥ ያለበት ዜማው ሳይሆን ቀረጻው ነው።

ቤዝ ብቻ ማሰማትም ያው ነው። ግድግዳ ማንቀጥቀጥ የሰርግ ስፒከርም ይችላል። ይልቅ እያንዳንዱ የቤዝ ጊታር ምት ተለይቶ ይሰማል ወይስ ሁሉም አንድ ላይ ይጓራል? እሱን የሚያሳይ ቅጂ ይፈልጉ።

እኔን በጣም የሚቆጨኝ ግን እንግዳው የማያውቀውን መሣሪያ ማሰማት ነው። ኦርኬስትራ ፊት ለፊት ሰምቶ የማያውቅ ሰው የቫዮሊኑን ድምፅ ከምን ጋር ያስተያየው? በገናን ግን በጾም ወራት ሲደረደር የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። እንዚራ የሚባሉት ትናንሽ ቆዳዎች አሥሩን ጅማቶች ያንዘረዝሯቸዋል። ያ ንዝረት በተራ ስፒከር ተድበስብሶ ይቀራል። በጥሩው ግን ጅማቱ ሲነካ፣ ንዝረቱ ቀስ እያለ ሲጠፋ፣ የደርዳሪው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። የዓለሙ አጋን በገና የከፈትኩ ዕለት እናቴ ከጓዳ ወጥታ "ማን መጣ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምከፍተው በገና ነው።

"ሪማስተርድ"፣ ማለትም የድሮው ቀረጻ ድምፁ እንደገና ተስተካክሎ የወጣ፣ የሚል ጽሑፍ አይቶ ማመንም አለ። ብዙ ጊዜ አዲሱ ቅጂ ጎልቶ እንዲሰማ ሲባል በቀስታ በሚሰማውና በሚጎላው ድምፅ መካከል ያለው ልዩነት ይጨፈለቃል። ከበሮው ይጮኻል እንጂ አይመታም። በሌላ በኩል የአሜሪካዊውን የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች የማይልስ ዴቪስን "ካይንድ ኦፍ ብሉ" የተባለ አልበም እንውሰድ። በ1959 እ.ኤ.አ. ሲቀረጽ አንዱ የመቅረጫ ቴፕ ቀስ ብሎ ይዞር ስለነበር፣ የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ለዓመታት ትንሽ ፈጥኖና ቀጥኖ ሲሰማ ኖሯል። የተስተካከለው በ1990ዎቹ በወጡ ቅጂዎች ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ሰምቶ መምረጥ ነው። ሲያወዳድሩ ግን ድምፃቸውን እኩል ያድርጉ። ጆሮ በጥቂቱ ከፍ ያለውን "ይሄ ይሻላል" ማለት ይቀናዋል።

በ128 ኪሎቢት የተጨመቀን ኤምፒ3 ወደ ፍላክ፣ ማለትም ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ ወደሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ መቀየር የጠፋውን ድምፅ አይመልስም። ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ። ሲዲው ካለ ከሲዲው ይገልብጡ።

ደግሞ አያብዙት፤ ሦስት ቅጂ ይበቃል። እስከ መጨረሻው ይጫወት፤ በመሃል "ይህቺን ስማት" እያሉ አያቋርጡ። እንግዳው አራተኛ ከጠየቀ ሪሞቱን ለእሱ ይስጡት።