ሴሚስተሩ ሲያልቅ የካምፓስ ሥራ፦ ከባሕር ዳር ለምትመጡ

ክረምቱን ባሕር ዳር ነኝ። ጣና ዳር ቡና ይዤ ቁጭ ባልኩ ቁጥር አሜሪካ ሊማር የተዘጋጀ ልጅ ወይም እናቱ መጥተው ያንኑ ይጠይቁኛል፦ «ትምህርት ሲዘጋ ግቢ ውስጥ መሥራት ይቻላል?» ይቻላል። ዝርዝሩን ግን አንዴ ልጻፈውና ቡናዬም አይቀዝቅዝብኝ።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲውን ፔዳ ግቢ የምታውቁ፣ መደበኛው ተማሪ ሲወጣ የክረምት ተማሪ የሆኑ መምህራን ግቢውን እንደሚሞሉት ታውቃላችሁ። አሜሪካ ግን ብዙው ግቢ ግንቦት ላይ ጭር ይላል። ያኔ ነው ጊዜያዊ ሥራ የሚመጣው፦ ዶርም ማጽዳት፣ ፍራሽ ማመላለስ፣ ላይብረሪ ውስጥ መጻሕፍት መቁጠር፣ ለስብሰባ እንግዶች ቁልፍ መስጠት። ማስታወቂያው የሚለጠፈው ሴሚስተሩ ሳያልቅ ነው። «ፈተና ልጨርስና እፈልጋለሁ» ያለ ፍራሹን ሌላው ሲሸከም ያያል።

በኤፍ ዋን (በተማሪ) ቪዛ፣ ትምህርት እያለ የግቢ ሥራ በሳምንት ቢበዛ 20 ሰዓት ነው። በእረፍት ጊዜ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር የምትመዘገቡ ከሆነ፣ ሙሉ ሰዓት መሥራት ይቻላል። ሁለት ሥራ ካላችሁ ይደመራል፤ ላይብረሪ 12፣ ካፌ 10 ማለት 22 ነው። ነሐሴ መጨረሻ ትምህርት ሲጀምር ወደ 20 መመለስ ነው። «ሱፐርቫይዘሬ ነው ሰዓቱን የጨመረልኝ» የሚል መልስ አያድንም። ቪዛው የናንተ ነው፣ የሱፐርቫይዘሩ አይደለም።

ተመራቂዎች ደግሞ ስሙኝ። ትምህርቱ ካበቃ በኋላ የምትሰጠው 60 ቀን ሻንጣ ለመሸከፍ ነው፣ ለመሥራት አይደለም። ያለ ኦፒቲ ፈቃድ (ተመራቂ በተማረበት ሙያ እንዲሠራ የሚሰጠው ነው) አንድ ቀን እንኳ ግቢ ውስጥ መሥራት የለም። ወደ ሌላ ኮሌጅ የምትዛወሩም፣ መዝገባችሁ ከተላለፈበት ቀን ጀምሮ የቀድሞው ግቢ ሥራ ያከትማል።

ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (ደመወዝና ግብር የሚመዘገብበት የመንግሥት ቁጥር) ለማውጣት ከቀጣሪው የሥራ ደብዳቤ፣ ከውጭ ተማሪዎች ቢሮ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል። አዲስ የገባ 10 ቀን ያህል ቢጠብቅ ይሻላል፤ አገር የገባችሁበት መረጃ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮው ካልደረሰ ተመለሱ ይሏችኋል። ቁጥሩ እስኪመጣ ሥራ መጀመር ይቻላል።

አሁን እኔን ያቃጠለኝ ነገር። ሴሚስተር እያለ ቼኬ ትክክል ነበር። ክረምት ላይ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ክፍያ ስሠራ ቼኩ አነሰ። ምክንያቱ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ግብር ነው፦ 6.2 እና 1.45፣ ሲደመር 7.65 በመቶ። ከ1,000 ዶላር 76 ዶላር ከ50 ሳንቲም ማለት ነው። የደመወዝ ክፍሉ ሲስተም ክረምት ላይ ክላስ ያልያዘውን ሁሉ እንደ ተራ ሠራተኛ ይቆጥር ነበር። ለአሜሪካዊው ተማሪ ልክ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን አይደለም። ኤፍ ዋን ተማሪ በግብር ሕግ ነዋሪ እስካልሆነ ድረስ ከነዚህ ሁለቱ ነፃ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ይህ ለመጀመሪያዎቹ 5 የፈረንጅ ዓመታት ነው። በፈረንጆች 2024 ነሐሴ የገባ ሰው 2024 ራሱ አንድ ዓመት ሆኖ ይቆጠርበታል፣ ስለዚህ ነፃነቱ በ2028 መጨረሻ ያበቃል።

ቢሮው ስሄድ «ሲስተሙ ነው» አሉኝ። ሲስተሙን የሚነካ ሰው ግን የለም! እናንተ የመጀመሪያውን የክረምት ቼክ ከሚያዝያው ጋር አስተያዩ። ተቆርጦ ካያችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ቀጣሪው ነው። እምቢ ካለ ብቻ የግብር ተመላሽ መጠየቂያዎቹን ፎርም 843ንና 8316ን አንድ ላይ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ትልካላችሁ። ደብሊው 2 (ቀጣሪው የዓመቱን ደመወዝና ግብር የሚገልጽበት ቅጽ) ሲመጣ ሳጥን 4ንና 6ን ተመልከቱ፣ ባዶ መሆን አለባቸው። የፌዴራል ገቢ ግብር መቆረጡ ግን ልክ ነው፣ እሱ ላይ አትጨቃጨቁ። የሕንድ ጓደኛችሁን የግብር ፎርምም አትገልብጡ። ሕንድ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት አላት፤ እኛ የለንም።

ሥራ ያጣ ልጅ ደግሞ የሀበሻ ሬስቶራንት «በካሽ ና» ይለዋል። ወይም የሌላ ሰው የምግብ ማድረሻ አፕ አካውንት ተከራይቶ ምግብ ያደርሳል። ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ መሥራት የተማሪነት ሕጋዊነታችሁን ያሳጣችኋል። «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለው ሰው ስትያዙ ስልክ አያነሳም። እኔ በበኩሌ ይህን የሚመክር ሰው ወዳጅ ነው አልልም።

ዶርሙም ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሊዘጋባችሁ ይችላል። ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት መኝታ አብሮት እንዳለ ጠይቁ። ከሌለ የክረምቱን ኪራይ ከደመወዙ ቀንሳችሁ እዩት። የመጀመሪያው ክፍያም ብዙ ጊዜ ሳምንታት ይዘገያል፤ ስለዚህ እናቶች፣ በግንቦት «ብር ላክ» አትበሉ።