የሠርግ ወጥ ቤት ከመቅጠራችሁ በፊት እንግዳችሁን እወቁ

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር ማግኘት ከባድ ነው። ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ፣ አረርቲም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ነው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሁሉም ልጁን ለመዳር ይጣደፋል። ጎበዝ ወጥ ቤት ደግሞ ገና በታኅሣሥ ትያዛለች። ዘግይቶ የተነሳ ሰው ያገኛትን ይቀጥራል።

ይህን የምጽፈው የሰፈር ወጥ ቤት ቀጥሮ፣ ከእድር ድስትና ወንበር ተውሶ፣ የዘመድ ልጆችን አሳላፊ አድርጎ ለሚደግስ ቤተሰብ ነው። ትልልቅ የኬተሪንግ ድርጅቶች የራሳቸው አሠራር አላቸው፣ እነሱን እዚህ አላነሳም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን በደንብ የታሰበበት የሰፈር ድግስ ከየትኛውም ቡፌ ይበልጣል። ወጥ ቤቷ እንግዳውን ታውቀዋለች፤ እሱም ያውቃታል።

ብዙ ቤት ምክክሩ የሚጀመረው ከምግቡ ነው። ዶሮ ይሠራ፣ ክትፎ ይኑር፣ ቁርጥ ይሰቀል ይባላል። ማን እንደሚበላው የሚጠይቅ የለም። እናንተ ከእንግዳው ጀምሩ። ደብተር አውጡና ስም ጻፉ፣ ግን በሙሽራ ወገንና በሙሽሪት ወገን ብቻ አትክፈሉት። ከየስሙ አጠገብ የሚበላውን ጻፉ። የሚጾም፣ ሙስሊም፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ ጥርስ የሌላቸው አዛውንት፣ ሕፃን ልጅ፣ ከገጠር ሦስት አራት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የሚመጣ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር በመኪና መጥቶ በዚያው ቀን የሚመለስ። አንድ ማታ ተቀምጣችሁ ይህን ከሠራችሁ የምግቡ ዝርዝር ራሱ ይወጣል።

ከሙስሊም እንግዶች ልጀምር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚደርሰው ቅሬታ ከዓመት ዓመት አይረሳም። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና በጠቅላላው ይፋት አካባቢ ከሆናችሁ ጎረቤታችሁ፣ የሥራ ባልደረባችሁ፣ የእድር አባላችሁ ሙስሊም ነው። «ለእነሱም ትንሽ ነገር ለብቻ እናዘጋጃለን» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የተለመደውና የሚያምረው አሠራር ከብቱን በቁሙ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ መስጠት ነው። ፍየል ወይም በግ፣ እንግዳው ከበዛ ወይፈን። እነሱ ራሳቸው ያርዳሉ፣ በራሳቸው ወጥ ቤት፣ በራሳቸው ድስት ይሠራሉ። እናንተ ሽንኩርቱን፣ ዘይቱን፣ በርበሬውን፣ ጤፉንና ማገዶውን አሟልታችሁ ታስረክባላችሁ። ቀድሞ ማስረከብ ነው፣ በዋዜማው ማታ አይደለም። የሚቀመጡበትን ቦታም ለዩ፤ ግን ጓሮ ጥግ ላይ አታድርጉት። ድንኳኑ ውስጥ፣ ሙሽሮቹ በሚታዩበት በኩል ይሁን። ለመጠጥ ለስላሳና ውኃ በቂ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ያልፈላ ብርዝ፣ ቀሪቦ፣ በሥርዓት የተፈላ ቡና ብታቀርቡ ክብሩ ሌላ ነው። ብርዙ ግን በዕለቱ የተበጠበጠ መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ፣ ካደረ መፍላት ይጀምራል።

ወደ ጾሙ ስንመጣ፣ ሠርጉ ቅዳሜ ወይም እሁድ ስለሆነ ብዙዎች ይዘነጉታል። መልሱ ወይም ቅልቅሉ ረቡዕ ላይ ቢውልስ? የነነዌ ጾም 3 ቀን ነው፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ይመጣል፣ ስለዚህ ልክ የሠርጉ ሰሞን ላይ ያርፋል። የቀን መቁጠሪያውን አይታችሁ ቀን ቁረጡ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም በዚያ ወቅት የሚደግስ ሰው ከዚህ ሐሳብ ያርፋል። በፍስክ ቀንም ቢሆን ግን ንስሐ ላይ ያለ ወይም ሱባኤ የያዘ እንግዳ አይጠፋም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት ሁሌም ይኑር። ሐኪም ሥጋና ቅባት የከለከለውም ሰው ከዚሁ ይበላል።

ወጥ ቤቷን ስታናግሩ ይህን ቁርጥ አድርጋችሁ ጠይቁ፦ «እትዬ፣ የጾሙን በየትኛው ድስት ነው የሚሠሩት? ማንኪያውስ?» ያለማመንታት «ለብቻው ነው፣ ረዳቷም ሌላ ናት» ካለች ጥሩ ነው። ቅቤ የነካ ጭልፋ ምስሩ ውስጥ ከገባ ያ ድስት ለጿሚ አበቃ። የጾሙን ድስት ከፍስኩ ጉልቻ ራቅ አድርጎ መጣድ ደግሞ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

አሁን ወደ ምርጫው። ወጥ ቤት ሰው ነግሯችሁ ብቻ አትቅጠሩ፣ ቤቷ ሠርታ ያቀመሰቻችሁን ወጥ ቀምሳችሁም አትወስኑ። ለአምስት ሰው የሚጣፍጥ ወጥ መሥራትና ለሦስት መቶ ሰው መሥራት የተለያየ ሙያ ነው። እሷ የምትሠራበት ሠርግ ካለ ዘመድ ፈልጋችሁ ሂዱ። የመጀመሪያውን ማዕድ ሳይሆን የመጨረሻውን ብሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አጃቢው ከሄደ በኋላ ከድስቱ ሥር የሚወጣው ወጥ ነው የወጥ ቤት ፈተና። ቁሌቱን እዩ። ሽንኩርቱ ሟሙቶ ከበርበሬው ጋር አንድ ከሆነ፣ አናቱ ላይ ቀይ ቅባት ከወጣ፣ ስትጎርሱት በርበሬው ጥሬ ጥሬ ካልሸተተ፣ ያቺ ሴት ታግሣ አቁላልታለች። ሽንኩርቱ ለብቻው የሚታይ፣ ውኃው ከቅመሙ የተለየ ወጥ ከሆነ ተቻኩላለች ወይም ረዳት አጥታለች። ሁለቱም ለእናንተ ጥሩ ምልክት አይደሉም።

ጓሮ ገብታችሁ እጅ የሚታጠቡበትን፣ ጥሬ ሥጋ የሚከተፍበትን መክተፊያና ሰላጣ የሚከተፍበትን እዩ። አንድ ከሆነ ንገሯት። ስትነግሯት የምትቆጣ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

አገሩንም አስቡ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሥጋም ሽምብራም ለመብሰል ከቆላው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከሮቢት የመጣች ወጥ ቤት ይህን ካልለመደች ዶሮው ጠንክሮ ይቀርባል። ጠላውም በብርዱ ቶሎ አይፈላም፣ ጥንስሱን ቀደም ማድረግ ያስፈልጋል። የጥር ብርድ ሌላም ጣጣ አለው። ቅቤ የበዛበት አልጫ ሳህን ላይ ከወጣ ጥቂት ቆይቶ ጠርዙ ላይ ነጭ ሆኖ ይረጋል። እንግዳው በአፉ አይናገርም፣ እንጀራውን እዚያ ዳር ሳያስነካ ይተወዋል። ለዚህ መላው ትልቁን ድስት እሳት ላይ አቆይቶ በትንንሽ ድስት እየቀዱ ማውጣት ነው።

ሸዋ ሮቢትና ቆላው ሁሉ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እዚያ የሚያሰጋው ሙቀቱ ነው። የበሰለ ምግብ ከእሳት ወርዶ ከ2 ሰዓት በላይ ሜዳ ላይ መቆየት የለበትም፤ ከቆየ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ ይቆይ፣ ማለትም ስታቀርቡት እንፋሎቱ የሚታይ ይሁን። ጠዋት የታረደን ሥጋ እስከ ከሰዓት ሰቅሎ ቁርጥ ማቅረብ በቆላ አይመከርም። ቁርጥ የግድ ነው የምትሉ ከሆነ በሐኪም የታየ ሥጋ ይሁን፣ ኮሶ የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ከታረደ ብዙም ሳይቆይ ይበላ፣ የቀረው ወደ ጥብስ ይግባ። እኔ ቆላ ላይ ብደግስ ቁርጡን ትቼ ጥብሱን አበዛ ነበር።

መጠን ላይ ሰው ሁሉ ይጨነቃል። የዶሮው ቀላል ነው፤ አንድ ዶሮ 12 ብልት ነው፣ ለአንድ እንግዳ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ብላችሁ አስሉ፣ ከዚያ ለሙሽሮቹ፣ ለሚዜዎቹና ለአማቾች ጨምሩ። እንጀራውን ግን በግምት አታድርጉት። ከሚጋገርበት ዱቄት 5 ኪሎ አስቡኩና በዚያው ምጣድ በዚያችው ጋጋሪ አስጋግራችሁ ቁጠሩ፣ ከዚያ አባዙት። የምጣዱ ስፋትና የጋጋሪዋ እጅ ስለሚለያይ የጎረቤት ቁጥር ለእናንተ አይሠራም። ከገጠር በእግሩ የሚመጣውን ከከተማው ሰው እኩል አታስሉት። እሱ ርቦት ነው የሚደርሰው፣ ደግሞም «እገሌ ከነቤተሰቡ» ተብሎ ነው የተጠራው። ለጤፉ ከምንጃር የመጣ ሰርገኛ ይበቃል፣ ለድግስ ማኛ ካልሆነ የሚል ሰው ገንዘቡን ሥጋው ላይ ቢያውለው ይሻላል። በግ ከሆነ ሐሳባችሁ የመንዝ በግ አገራችሁ ላይ ነው፣ ሩቅ አትሂዱ።

ከዚህ ሁሉ የሚረሳው አጃቢው ነው። የሙሽራው አጃቢ ሁሌም ከተባለው ሰዓት ዘግይቶ፣ ከተባለው ቁጥር በዝቶ ይመጣል። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራው ሲደርስ ድስቱ ባዶ ሆኖ አይቻለሁ፤ የሙሽሪት እናት ጓሮ ገብተው አለቀሱ። የአጃቢው ድስት ከጠዋቱ ተለይቶ ይከደን፣ ቁልፉ አንድ ሰው እጅ ይሁን። ያ ሰው ፊት የሚያይ ለስላሳ ሰው ባይሆን ይመረጣል።

ጊዜውን በተመለከተ «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆንባችሁ። በርበሬው ከወር በፊት ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ይፈጭ። ብቅሉና ጌሾው በጊዜው ይገዛ። እንጀራው ከሠርጉ ሁለት ቀን በፊት መጋገር ይጀምር፣ ሽንኩርቱን ዋዜማ ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ ይላጠው። ይህን ሁሉ ለወጥ ቤቷ ብቻ አትተዉት፣ እሷ እሳቱ ላይ ትቁም።

አሳላፊዎቹን ቀድማችሁ ሰብስቡና ማን የጾም፣ ማን የፍስክ እንደሚያሳልፍ ከፋፍሉ። የጾሙን የያዘው ልጅ በምንም ምክንያት የፍስኩን ጭልፋ አይንካ። አንድ ደህና አጋፋሪ ያስፈልጋችኋል፣ አገር የሚያውቀው፣ እንግዳውን በስሙ ጠርቶ የሚያስቀምጥ ሰው። አዛውንቶቹን ብርድ ከሚገባበት በር አርቆ ያስቀምጣቸው፤ ለጥርስ የሚከብደው ሥጋ ሳይሆን ለስለስ ያለው፣ አልጫው በፍትፍት ይድረሳቸው። ልጆችን ከሁሉ በፊት አብሏቸው። በርበሬ የሌለበት ነገር ይኑራቸው፣ ከጠገቡ በኋላ ድንኳኑ ሰላም ያገኛል።

የገንዘቡን ነገር በወረቀት ጻፉ፣ ዘመድ ብትሆንም። ስንት ሰው እንደምታበላ፣ ስንት ረዳት ይዛ እንደምትመጣ፣ ዕቃውን ማን እንደሚገዛ፣ ስንት ቀብድ እንደተሰጣት። ዕቃውን ራሳችሁ ገዝታችሁ መዝናችሁ ብታስረክቧት ለሁለታችሁም ይበጃል፤ ቢጎድልም ማንም ማንንም አይጠረጥርም። የቀረውን ሒሳብ በዚያው ዕለት ማታ፣ ወደ ቤቷ ሳትሄድ በእጇ ስጧት። እሷና ረዳቶቿ የሚበሉትም ቀድሞ ይቀመጥላቸው፣ ቀኑን ሙሉ ሲያጎርሱ ውለው ራሳቸው ሳይበሉ የሚሄዱበት ቤት ብዙ ነው። የእድሩን ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆ ስትወስዱ ቆጥራችሁ እንደወሰዳችሁ ስትመልሱም ቁጠሩ፣ የተሰበረውን ተኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቤት ይፈልገዋል።