የማይክሮዌቭ ከረጢት ለምትሰፉ፦ ክሩንም እዩት

ድንች በማይክሮዌቭ የሚበስልበትን የጨርቅ ከረጢት እየሰፋችሁ የምትሸጡ ካላችሁ፣ ጨርቁ ብቻ ጥጥ መሆኑ አይበቃም። መሃል የሚገባው ሙሌትም፣ ክሩም 100% ጥጥ ይሁን። ፖሊስተር ይቀልጣል። ብረት ነክ የሚያብለጨልጭ ክር ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዚፕማ አይታሰብም።

ከተጠራጠራችሁ ትንሽ ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ውሃ አጠገብ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ተኮማትሮ ጠጣር እንክብል ይተዋል። እኔ አንዴ «ንጹህ ጥጥ ነው» ተብዬ የገዛሁት ሙሌት እንክብል ሆኖ ቁጭ አለ!

ዋጋ ስታወጡ ደግሞ ጊዜያችሁን አትርሱ። አምስት ከረጢት አንድ ላይ ስሩ፤ ከመቁረጥ እስከ መተኮስ የፈጀባችሁን ሰዓት ለአምስት አካፍሉና የእጅ ዋጋችሁን ከጨርቁ ላይ ደምሩ። «ሲበስል ጥላችሁት አትሂዱ» የሚል ወረቀትም አብራችሁ ስጡ።